ሴንሃይዘር ኤችዲ 25 በባር ዲጄ ጆሮ ላይ

ባር ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውት ዲጄ በማያዝባቸው ነገሮች የተከበበ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹን የሰቀላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ዘፈኖቹን የሚያቀላቅልበት ሚክሰር የተባለው መሣሪያ ከእርሱ በፊት በብዙ እጅ አልፏል፤ ጠረጴዛው የሚቆምበትን ቦታም አብዛኛውን ጊዜ የመረጠው ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ ወንበር ብዛት የሚያስብ ባለቤት ነው። ምሽቱ ስንት ሰው እንደሚያመጣ፣ ዝናብ ይጥል እንደሆነ፣ በዚያው ሰዓት ትልቅ የእግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተላለፍ እንደሆነ እርሱን የሚያማክረው የለም። በዚህ ሁሉ መካከል ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነውና ከቤት ቤት ይዞት የሚዞረው ዕቃ የጆሮ ማዳመጫው ነው፤ ስለዚህም የባር ዲጄ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ ሊያወጣው የሚገባው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ የምገመግመው የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ያቀረበውንና እስካሁን መልኩ ብዙም ሳይለወጥ የሚሸጠውን ኤችዲ 25 ነው። የምመዝነውም ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚያጣጥም ሰው ምን ያህል እንደሚስማማ ሳይሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው።

ማዳመጫው መጀመሪያ የታሰበው ለዲጄ አልነበረም። ከካሜራ ጋር እየተንቀሳቀሱ የሚሠሩ የድምፅ ባለሙያዎች፣ ጫጫታ በበዛበት ስፍራ የሚቀዱትን ድምፅ ከአካባቢው ግርግር ለይተው እንዲሰሙ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ዲጄዎች የወሰዱት ችግሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ስላገኙት ይመስለኛል። ያለ ኬብሉ 140 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ኢምፒዳንሱ) 70 ኦም ስለሆነ በተራ ሚክሰርም፣ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በሚሠራ አነስተኛ ኮንትሮለርም ያለ ችግር ይጮኻል፤ ከ16 እስከ 22,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ያወጣል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ሳይሆን ጆሮው ላይ የሚያርፍ፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ማዳመጫ ነው። ቁጥሮቹን እዚህ ላይ ትቼ ወደ ሥራው ልግባ።

የባር ዲጄን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ምንድን ነው ብባል፣ ሰካራም ወይም የዘገየ ክፍያ ሳልል አስቀድሜ የምጠራው የሞኒተርን እጦት ነው። ሞኒተር ማለት ዲጄው የሚያጫውተውን ራሱ በትክክል እንዲሰማው ወደ እርሱ ዞሮ የሚቀመጥ ድምፅ ማጉያ ነው። ክለብ ውስጥ ይህ መኖሩ አያጠያይቅም። ባር ውስጥ ግን ድምፅ ማጉያዎቹ ፊታቸውን ወደ ደንበኛው አዙረው ከወዲያኛው ጥግ ይሰቀላሉ፤ ዲጄውም የራሱን ሙዚቃ የሚሰማው ከግድግዳ ጋር ተላግቶና ከሰው ወሬ ጋር ተደባልቆ ሲመለስለት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ድምፅ ማጉያው 10 ሜትር ከራቀ ምቱ ዲጄው ጆሮ የሚደርሰው 29 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል 500 ሚሊሰከንድ አለ፤ ከዚያ አንጻር 29 ከቁጥር የማይገባ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለት ከበሮዎች በዚህ ያህል ልዩነት ሲመቱ ጆሮ የሚሰማው አንድ ጠንካራ ምት ሳይሆን የተደናቀፈ ድርብ ምት ነው። አንድ ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ ሌላውን ለቤቱ ድምፅ ክፍት የሚያደርግ ዲጄ ቀጥሎ የሚያስገባውን ዘፈን ምት በመጫወት ላይ ካለው ጋር የሚገጥመው በዘገየው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ እርሱ ዘንድ ልክ የመጣው ነገር ድምፅ ማጉያው ፊት ለተቀመጠው ደንበኛ የተፋለሰ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው ምክንያቱን አያውቀውም፤ አንድ ነገር እንደጎረበጠው ግን ይሰማዋል፤ ከወንበሩ ሊነሳ የነበረውም ሰው መልሶ ይቀመጣል።

መፍትሔው የቤቱን ድምፅ ከነጭራሹ መተውና ሁለቱንም ዘፈኖች በማዳመጫው ውስጥ መስማት ነው። አብዛኞቹ ሚክሰሮች የሚቀጥለውን ዘፈንና በመጫወት ላይ ያለውን በማዳመጫው ውስጥ አመጣጥኖ የሚያቀላቅል ማዞሪያ አላቸው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ማዳመጫው የውጭውን ድምፅ በደንብ ሲከላከል ብቻ ነው፤ ካልተከላከለ የዘገየው ምት በጎን ሰርጎ ይገባና ሦስተኛ ከበሮ ይሆናል። ኤችዲ 25 ዋጋውን የሚያስመልሰው እዚህ ላይ ነው። ጆሮን አጥብቆ ስለሚይዝ የቤቱ ጫጫታ ወደ ሩቅ ጉርምርምታ ይወርዳል፤ የባስ ከበሮው ምትና የሲምባሉ (የናስ ሳህኑ) ጫፍ ደግሞ ተለይተው ይወጣሉ። ድምፁ ሚዛናዊ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ባሱም ቀጭኑ ድምፅም ከመካከለኛው ትንሽ ወደ ፊት ይገፋሉ። ሙዚቃ ለሚያቀናብር ሰው ይህ ጉድለት ነው፤ ምት ለሚገጥም ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አድልዎ አይገኝም።

ዛሬ ሶፍትዌሩ ምቱን በራሱ ይገጥመዋል፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው አይጠፋም። ለአዳዲስ የዳንስ ሙዚቃዎች አነጋገሩ እውነት አለው። የባር ደንበኛ ግን በመሸ ቁጥር የሚጠይቀው አሮጌ ዘፈን ነው፤ አሮጌዎቹ ዘፈኖች ደግሞ አብዛኞቹ የተቀረጹት ከበሮ መቺው በስሜቱ እየተመራ ሲመታ ነው፤ ፍጥነታቸው አዝማች ላይ ትንሽ ይጨምራል፣ ሥንኝ ላይ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ዘፈን የሚያሰምረው የምት መስመር ከመንገድ ሲወጣ የሚያድነው የሰው ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ፍራንሲስ ግራሶ የሁለት ዘፈኖችን ምት ገጥሞ ማሸጋገርን ካስለመደ ወዲህ የሥራው መሠረት አልተለወጠም፤ ዲጄው ሌላ ማንም ሳይሰማው የሚቀጥለውን ዘፈን ቀድሞ መስማት አለበት።

ስለ ጫጫታ ካነሳን ዘንድ፣ ባር ውስጥ ሙዚቃውን የሚሻማው የሰው ድምፅ ብቻ አይደለም። የዲጄው ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ከመጠጥ መቅጃው አጠገብ በመሆኑ፣ በረዶ ሲዛቅ፣ ብርጭቆ ሲታጠብ፣ ኮክቴል ሲናጥ በግራ ጆሮው ሥር ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው ይህን ለማሸነፍ የማዳመጫውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮው ስለሚለምደው ይጨምራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ማዞሪያው መጨረሻው ይደርሳል። ኤችዲ 25 ደግሞ በአምራቹ መግለጫ እስከ 120 ዲሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) መጮኽ የሚችል ስለሆነ በዚህ ረገድ የሚከለክለው የለም። ይህ ቀልድ አይደለም። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ገደብ 85 ዲሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ ያለ ጉዳት ሊቆይበት የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 88 ዲሲቤል 4 ሰዓት፣ 94 ዲሲቤል 1 ሰዓት፣ 100 ዲሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቤቶች ባወጣው መመዘኛ፣ የድምፁ አማካይ ከ100 ዲሲቤል እንዳይበልጥ፣ ለታዳሚውም የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብለት መክሯል። ታዳሚው ግን ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ ዲጄው በሚቀጥለው ሌሊት እዚያው ነው። ሥራ ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ውስጥ የሚጮኸውን ጭው የሚል ድምፅ እንደ ድካም የሚቆጥር ባልደረባ ብዙ አለ፤ እርሱ ድካም ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ የዚህን ማዳመጫ ትልቁን ጥቅም በአንድ ቃል ንገረን ብባል ጩኸቱን ሳይሆን ዝምታውን እጠራለሁ። የውጭውን ስለሚከላከል በዝቅተኛ ድምፅ መሥራት ያስችላል። ለዚህ ግን የተጠቃሚው ልማድ ያስፈልጋል፤ ምሽቱ ሲጀመር ማዞሪያውን በሚሰማው ልክ ዝቅ አድርጎ ማቆም፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢሞቅም አለመንካት፣ ምቱ ከተገጠመ በኋላ ማዳመጫውን ወዲያው አውርዶ አንገት ላይ ማዋል። ጆሮውን ለማሳረፍ ጊዜ የሚያገኘው ዘፈኑ ራሱ በሚሠራባቸው በእነዚያ ሦስትና አራት ደቂቃዎች ነው።

የማዳመጫው አንደኛው የጆሮ ክፍል ወደ ኋላ መዞሩ ሌላው የሚመሰገን ነገር ነው። ይህን አምራቹ ለአንድ ጆሮ ማዳመጥ ብሎ ያስቀመጠው ሲሆን፣ ባር ውስጥ ግን በዋናነት የሚያገለግለው ከደንበኛ ጋር ለመነጋገር ነው። የዲጄው ጠረጴዛ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ስላልሆነ፣ ደንበኛው በሁለት እርምጃ ደርሶ ስልኩን ፊቱ ላይ ይደቅናል። «ወንድሜ፣ ይቺን አንዷን ብቻ» ይላል፤ ስልኩ ላይ የተጻፈው ዘፈን ከሚጫወተው ጋር በምትም በስሜትም አይገናኝም፤ የሚጫወተው ዘፈን ሊያልቅ ደግሞ የቀረው አርባ ሰከንድ ነው። በዚያች ሰዓት አንዱ ጆሮ ለሰውዬው፣ ሌላው ለከበሮው መሆን አለበት። ማዳመጫውን አውልቆ የሚያናግር ዲጄ ሽግግሩን ያጣል፤ ጭራሽ የማይሰማም ደንበኛውን ያስቀይማል፤ ባር ደግሞ የተቀየመ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወጥቶ የሚሄድበት ቤት ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ዓይንን ሰውዬው ላይ፣ ጣትን ፌደሩ (የሚክሰሩ ተንሸራታች የድምፅ መቆጣጠሪያ) ላይ አድርጎ «እሺ፣ ትንሽ ቆይቼ» ማለት የዚህ ሥራ ግማሹ ነው። በነገራችን ላይ ከሚጠየቁት ዘፈኖች አንዳንዶቹ ዲጄው ራሱ ፈጽሞ የማያስባቸው ሆነው ቤቱን ገልብጠው ያስነሱታል፤ ስለዚህ ጠያቂን ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ ዲጄ ከሥራው ደስታ ትልቁን ድርሻ ያጣል።

ደስታው ደግሞ አለ። ባር ከክለብ የሚለየው ሰው ለጭፈራ ሳይሆን ለወሬ የሚመጣበት በመሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙዚቃ ከወሬው ሥር መሄድ አለበት፤ ደንበኛ ጎረቤቱን ለመስማት መጎንበስ ከጀመረ ዲጄው ድምፁን አብዝቷል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት የማዳመጫው ዝግ መሆን ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ዘፈን ከጆሮው አፈትልኮ አጠገቡ ላሉት አይሰማም፤ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ይህ ነውር ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ፍጥነቱን በአንድና በሁለት ምት እየጨመረ፣ ሰው ሳያውቀው እግሩ ጠረጴዛ ሥር መምታት ይጀምራል። አንድ ጠረጴዛ አዝማቹን አብሮ ሲያዜም ሌላው ይቀበላል፤ አስተናጋጇ ትሪውን እንደያዘች ትከሻዋን ትሰብቃለች። ማንም ዲጄውን አያይም፤ ስሙንም የሚያውቀው የለም፤ ቤቱ ግን በእርሱ እጅ ውስጥ ነው። ክለብ ውስጥ ሰው ለመጨፈር ወስኖ ስለሚመጣ ይህንን ዓይነቱን ድል ማግኘት ያስቸግራል። ለዚህ ስሜት ብለው ከተሻለ ክፍያ የሚቀሩ ዲጄዎችን አውቃለሁ።

ክፍያ ካልኩ አይቀር፣ ዕቃው ከዲጄው ኪስ ጋር ያለውን ዝምድና ማንሳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የኤችዲ 25 ሌላው ትልቅ ብርታት እዚያ ላይ ነው። የባር ዲጄ የሚከፈለው በሌሊት ነው፤ ከታመመ አይከፈለውም፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ ባለቤቱ ሒሳቡን «በሚቀጥለው» ይለዋል፤ አንዳንዱም ከገንዘቡ ከፊሉን በመጠጥ ለማካካስ ይሞክራል። እኔም ከአንድ ባለቤት ዘንድ የሁለት ወር ክፍያ ለመቀበል ደጅ ጠንቻለሁ። እንዲህ ያለ ገቢ ላለው ሰው የተሰበረን ዕቃ በአዲስ መተካት ከባድ ነው። ኤችዲ 25 ግን ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሸጣል፤ የጆሮ ትራሱ፣ ኬብሉ፣ የራስ ቅስቱ፣ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ራሱ ሳይቀር ይነቀላል፣ ይተካል። ኬብሉ በጆሮው ክፍል ላይ የሚሰካ እንጂ የተበየደ ስላልሆነ ለመቀየር ብየዳም ባለሙያም አያስፈልግም፤ ትርፍ ኬብል ቦርሳው ውስጥ ያለው ሰው በሥራ መካከል እንኳ ሊተካው ይችላል። ከማዳመጫ ሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ኬብል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሊተኩ የሚችሉ ክፍሎች መኖራቸው ግን አስመስለው የሠሩትን ክፍሎችም ስለሚስብ፣ በተለይ የጆሮ ትራስ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ትራስ የተገጠመለት ኤችዲ 25 ያንን ሁሉ የተባለለትን መከላከል ያጣል፣ ባሱም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ማይመቸው ጎኑ። ጆሮው ላይ ተጭኖ የሚይዝ በመሆኑ ሰዓት በገፋ ቁጥር ጆሮ ይታመማል፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደግሞ የመነጽሩ እጀታ በጆሮና በራስ ቅል መካከል ስለሚገባ ቶሎ ያስመርራል። ይህ የአሠራር ጉድለት ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ መከላከሉ የሚገኘው ከመጫኑ ነውና አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። የራስ ቅስቱ ለሁለት የሚከፈል መሆኑ ጫናውን በጥቂቱ ያሳርፋል፤ ሁለቱን ሲያራርቁት ይረጋል፣ ሲያቀራርቡት ይላላል። ኬብሉ 1.5 ሜትር ቀጥ ያለ ነው፤ ሚክሰሩ ፊት ለፊት ከሆነ በቂ ነው፤ ሚክሰሩ መደርደሪያ ውስጥ ገብቶ የማዳመጫው ቀዳዳ ከጎን በሆነበት ቤት ግን ሪከርድ (ሸክላ) ለመፈለግ ወይም ቦርሳ ለመክፈት ዞር ሲሉ ይጎትታል። መታጠፊያም የለውም፤ ተጣጥፈው ኪስ የሚገቡትን ዓይነት የሚፈልግ ሰው አይስማማውም። መልኩን በተመለከተ፣ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ዓይን አይስብም። ግርግር ለሌባ ይመቻል በሚባልበት ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አለመሳቡን ከጥቅሙ ብቆጥረው ይሻለኛል።

ያለ ኬብል የሚሠሩ ማዳመጫዎች በምቾት ይበልጡታል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከጨዋታ ውጭ ናቸው። በተለመደው የብሉቱዝ ግንኙነት ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ከላይ ካነሳሁት የ29 ሚሊሰከንድ ችግር ለማምለጥ ሲባል ወደሚብስ ጉድጓድ መግባት ይሆናል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድኑት ትልልቅ ማዳመጫዎች ለመነጽረኛና ረጅም ሰዓት ሳያወልቅ ለሚሠራ ሰው የተሻሉ ናቸው፤ ክብደታቸውና አንገት ላይ ሲውሉ አገጭን የሚገፉት ነገር ግን አይካድም፤ ላብም ያጠራቅማሉ።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ከዋናው ኤችዲ 25 ሌላ ላይት እና ፕላስ የሚባሉ ዓይነቶች ያጋጥሙታል። ላይት የሚባለው ቀለል ያለ ሲሆን ለሁለት የሚከፈለው የራስ ቅስትና የሚዞረው ጆሮ የሉትም፤ ሁለቱም ለባር ሥራ ዋና ነገሮች በመሆናቸው ለዲጄ አልመክረውም። ፕላስ የተባለው ከቀጥተኛው ኬብል በተጨማሪ የተጠማዘዘና የሚሳብ ኬብል፣ እንዲሁም ከጨርቅ የተሠራ ትርፍ የጆሮ ትራስ አለው፤ ሚክሰሩ ከእጁ የሚርቅበት ሰው ወይም ትራሱ ቆዳውን የሚያልበው ሰው ልዩነቱን ቢከፍል አይጸጸትም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ትራሱ መበላቱን አይቶ አይራቅ፤ እርሱ ይተካል። ይልቅ የማዳመጫውን ሁለቱንም ጆሮዎች በዝቅተኛ ድምፅ በየተራ ያድምጥ፣ የሚዞረውን ክፍል ደጋግሞ ያዙረው፣ ኬብሉን መሰኪያው ሥር እያወዛወዘ ድምፁ መቆራረጡን ይመርምር፤ ከዚያ በኋላ በዋጋው ይከራከር።